ከ5,000 በታች ከሆንን ሆድ ይፍጀው

ምስጋና የሚገባው ሰው ሳይመሰገን ሲቀር ያናድደኛል። ዛሬ የማመሰግነው የኦስትሪያን ሕግ አውጪዎች ነው። በተለይ ለትንንሾቹ የተራራ ከተሞች ስላሳዩት ርኅራኄ።

ኦስትሪያ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ምስጢር እንዲሁ ተራ ልማድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የተቀመጠ ክቡር ነገር ነበር። ባለሥልጣኑ አፉን ዘግቶ ሲያይህ ኩራት ነው ብለህ እንዳትቀየመው። ሕገ መንግሥት እያከበረ ነው። ስዊድኖች በ1766 የመንግሥትን ሰነድ ለሕዝብ ከፍተዋል አሉ። ምን እንዳጣደፋቸው አይገባኝም።

ሆድ ይፍጀው ማለት የማይችሉ ሰዎች ግን በየዘመኑ አይጠፉም። ጮኹ፣ ጮኹና ፓርላማው በ2024 መጀመሪያ የመረጃ ነፃነት ሕግ አጸደቀ። ሥራ ላይ የዋለው ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ነው። ምስጢርን መቶኛ ዓመቱን አስደፍነው ነው የሸኙት። ጨዋነት ይሏል ይሄ ነው።

አዲሱ ሕግ መሥሪያ ቤቶች ሕዝብን የሚመለከት መረጃ ማንም ሳይጠይቃቸው እንዲያወጡ ያዛል። ጥናት፣ የባለሙያ አስተያየት፣ ውል። 100,000 ዩሮና ከዚያ በላይ የሆነ ውልማ ክርክርም የለውም። እዚህ ላይ ስደርስ ደንግጬ ነበር። ደግነቱ ማንበቤን አላቆምኩም። ለካ ከ5,000 በታች ነዋሪ ያላቸው ማዘጋጃ ቤቶች ይህ ግዴታ የለባቸውም! አገሪቱ ደግሞ ካሏት ከ2,000 በላይ ማዘጋጃ ቤቶች አብዛኞቹ ከ5,000 በታች ናቸው። ልቤ መለስ አለ።

ምክንያቱም አንጀት ይበላል። ትንሽ ማዘጋጃ ቤት ሠራተኛው ጥቂት ነው፣ ጫናው አይቻልም። እውነት ነው። አንድ ውል ኢንተርኔት ላይ መጫን ቀላል ሸክም መሰላችሁ? ውሉን መፈረም ቀላል ነው፤ እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሃልሽታትን ውሰዱ። በተራራና በሐይቅ መካከል ተጣብቃ የተቀመጠች ውብ ከተማ ናት። ከ1997 ጀምሮ አካባቢዋ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ነዋሪዋ 800 አይሞላም። በደራ ወቅት ግን በቀን እስከ 10,000 ጎብኚ ይገባባታል። ይህ ሁሉ ሰው መኪና ያቆማል፣ ቆሻሻ ይጥላል፣ መጸዳጃ ቤት ይፈልጋል። በዚህ መካከል ስንት ውል፣ ስንት ክፍያ እንደሚኖር አስቡት። ሕጉ ግን የሚቆጥረው እዚያ የሚኖረውን እንጂ መጥቶ የሚረግጣትን አይደለም። ስለዚህ በሕግ ዓይን ሚስኪን መንደር ናት።

ልብ አድርጉ፣ ማዘጋጃ ቤቷ ሰነድ ደበቀች አላልኩም። መደበቅ አያስፈልጋትም፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ቻይናዎች ከተማዋን ቀድተው ጓንግዶንግ ውስጥ በ2012 መርቀዋል። የከተማዋ ቅጂ እንግዲህ በዚህ መልክ ተገኝቷል። የውል ቅጂ የፈለገ ግን ማመልከቻ ይጻፍ።

መጻፍ ይቻላል፣ አልተከለከለም። መልስ በ4 ሳምንት ይሰጣል። ጉዳዩ ከበድ ካለ ሌላ 4 ሳምንት ይጨመራል። ካልሰጡህ ለምን እንዳልሰጡህ በጽሑፍ እንዲወስኑልህ ታመለክታለህ፤ ለዚህ 2 ወር አላቸው። ከዚያ አስተዳደር ፍርድ ቤት አለልህ። የጠየቅከው የበረዶ መጥረጊያ ውል ከሆነ፣ ወረቀቱ እጅህ እስኪገባ በረዶው በራሱ ጊዜ ቀልጦ ይጠብቅሃል።

እዚያው ሃልሽታት ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አንድ የአጽም ቤት አለ። የመቃብር ቦታው ጠባብ ስለነበር የቀደሙት ሰዎች አጽም ወጥቶ የተቀመጠው እዚያ ነው። ከ600 በላይ የራስ ቅሎች በአበባና በሐረግ ተስለዋል፤ ስምና የሞቱበት ዘመንም ተጽፎባቸዋል። እኛ “በግንባር የተጻፈ” ስንል በምሳሌ ነው። እነሱ በቀለም ጻፉት። የመግቢያ ትከፍላለህ፣ ትገባለህ፣ ታነባለህ። 4 ሳምንት ብሎ ነገር የለም። እንግዲህ ፋይልህ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ቀላሉ መንገድ መሞት ነው።

ስለ ሕያዋኑ ደግሞ የአጥሩን ነገር ላንሳ። በ2023 ጎብኚው ሁሉ ሰልፊ የሚነሳበት ቦታ ላይ የእንጨት አጥር ቆመ። ተራራው ከተጋረደ ሰውም ጫጫታም ይቀንሳል ተብሎ ነው። ማህበራዊ ሚዲያው ተንጫጫ፣ አጥሩም ወዲያው ተነሳ። ለማዘጋጃ ቤቶች ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው። ተራራ ለመጋረድ ጣውላ ያስፈልጋል፣ ዓለምም ያይብሃል። ለፋይል ግን የመሳቢያ ቁልፍ ይበቃል። የተቆለፈ መሳቢያ አጠገብ ቆሞ ሰልፊ የሚነሳ ቱሪስት እስካሁን አልሰማሁም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር እንቅልፍ የነሳኝ። ነዋሪው ተዋልዶ ተዋልዶ 5,000 ቢሞላስ? ያን ጊዜ ውሉ ሁሉ ሊወጣ ነው። ብዙ አልቆየሁም፣ ተረጋጋሁ። የሃልሽታት ነዋሪ ቁጥር ባለፉት አሥርት ዓመታት እያነሰ እንጂ እየበዛ አልመጣም። በዚህ ከቀጠለ 4 ሳምንቱም አያሳስብም። ጠያቂው ከየት ይመጣል?