ማስተካከያ፦ የፉርጎው ሐዲድ 12 ሚሊሜትር ነው

ባለፈው ሳምንት በሬዚን (በብርሃን በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ፕሪንተር ስለሠራሁት የአሮጌው የጅቡቲ መስመር ፉርጎ ሞዴል ስጽፍ፣ ልኬቱ 1 ለ87 (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ) ስለሆነ 16.5 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ይሄዳል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። 16.5 የሚመጣው ከ1435 ሚሊሜትር ሐዲድ፣ ማለትም ከለቡ ከሚነሣው ከአዲሱ መስመር ነው። በእኛ በአቃቂ በኩል ያልፍ የነበረው አሮጌው ሐዲድ ግን ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፤ ለ87 ሲካፈል 11.5 ገደማ ይሆናል፣ ሞዴል ሠሪዎችም ለዚህ 12 ሚሊሜትሩን ይጠቀማሉ። ስህተቴን ያዩብኝ በዚያ ባቡር ሲመላለሱ የኖሩ አንድ ጎረቤቴ ናቸው፤ ፉርጎውን አገላብጠው አይተው «ልጄ፣ ይሄ እኮ እግሩን አንፈራጧል» አሉኝ። የሣጥኑ ልክ ትክክል ስለሆነ ያተማችሁ አትጣሉት፤ የመንኮራኩሩን መያዣ ብቻ አጥብባችሁ እንደገና አትሙ።

ሌላም አለ። የታተመውን ፉርጎ «በውኃ እጠቡት» ያልኩት በውኃ ለሚታጠብ ሬዚን ብቻ ይሠራል። ተራው ሬዚን በአይሶፕሮፒል አልኮል ታጥቦ፣ ከደረቀ በኋላ በዩቪ መብራት ወይም (እኔ ጣራ ላይ እንደማደርገው) በፀሐይ ይጠነክራል። የሁለቱም እጣቢ መርዛማ ነው፣ ቦይ ውስጥ አይደፋም። ጓንትም አድርጉ፤ ይህንን ጨርሶ ዘልዬው ነበር።