«ዕድሜህ ገፋ እስኪል ጠብቅ» ለ26 ዓመት ልጅ?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ በላይ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር የ26 ዓመት ልጅ አለ። ሊፍት የለንም። ጠዋት ሲወርድ እሰማዋለሁ። የደረጃውን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ወደ ጎን ዞሮ፣ አንድ በአንድ ነው የሚወርደው። እኛ በር ላይ ሲደርስ ቆም ይላል። «ደህና አደሩ ጋሼ» ይለኛል። ገና በጠዋቱ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

ከሕንጻው ጀርባ፣ አቧራው ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት ነው ጉልበቱ የዞረበት። መጀመሪያ ወጌሻ አሸው። ጉልበቱ እየተቆለፈ ሲያስቸግረው ኦፕራሲዮን ሆነ፤ ጉልበቱ ውስጥ ያለው ትራስ፣ ሚኒስከሱ፣ ወጣ። ሁለት ዓመት ደህና ከረመ። ሕመሙ ሲመለስ ግን የተሰጠው መልስ ይሄ ነው፦ «ለሰው ሠራሽ ጉልበት ገና ልጅ ነህ። ማስታገሻ እየወሰድክ ዕድሜህ ገፋ እስኪል ጠብቅ።»

ይህን መልስ አልቀበለውም።

ሚኒስከስ በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል ያለ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ትራስ ነው። በአንድ ጉልበት ሁለት አሉ። ሲወጣ የሰውነት ክብደት ጠባብ ቦታ ላይ ያርፍና አጥንቱን የሸፈነው ልም አጥንት እየተበላ ይሄዳል። ፌርባንክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ይህን በራጅ ያሳየው በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ዳር ላይ የተቀደደ ሚኒስከስ ደም ስለሚያገኝ ተሰፍቶ ሊድን ይችላል። ስለዚህ ልጆች፣ ጉልበታችሁ ካበጠ ሳታሳሹ ሐኪም ይየው።

ለወጣበት ሰው ደግሞ ንቅለ ተከላ አለ። ከሞተ ለጋሽ የተወሰደ፣ ለጉልበቱ ልክ የሆነ ሚኒስከስ ይሰፋለታል። ጀርመን ውስጥ በ1984 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል። ሁሉን የሚፈውስ አይደለም፤ ለሳምንታት በክራንች ያስኬዳል፣ ከዓመታት በኋላም ሊያልቅ ይችላል። በአብዛኛው የሚሠራው ከ50 ዓመት በታች ለሆነ፣ ልም አጥንቱ ብዙ ላልተጎዳ ሰው ነው። እዚህ ላይ ነው የሚያንገበግበኝ። «ጠብቅ» ሲሉት ያቺ ዕድል እያመለጠችው ነው።

የዓይን ባንክ ካቋቋምን ከ20 ዓመት በላይ ሆኖናል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምሯል። ለጉልበትም ባንክ ይታሰብ። እስከዚያው ሐኪሞቻችን ቢያንስ «እንዲህ ያለ ሕክምና አለ፤ ጊዜው ሳያልፍብህ ጠይቅ» ይበሉ።

ትናንት ማታ የኤምአርአይ ውጤቱን ይዞ መጣ። አብረን አነበብነው። ልም አጥንቱ ገና ደህና ነው ይላል። ወረቀቱ የተጻፈው ግን ከስምንት ወር በፊት ነው።