«ውሃ ወሰደው» ማለት ይብቃን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣ ነው የመጣሁት። የምቆጣው በእናንተ ላይ ብቻ አይደለም፤ በራሴም ላይ ነው። ባልዲ ሙሉ የሳሙና እጣቢ ቦይ ውስጥ ደፍቼ ስንቴ ዞር እንዳልኩ እኔው አውቃለሁ። ደፍተን ስናበቃ የምንላት አንዲት ቃል አለች፤ «ውሃ ወሰደው»። ቀላል ቃል ትመስላለች። ስንት ጥፋት ግን ሸፍነንባታል! የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ ወንዝ ወሰደው። የከብቱን ፍግ ጎርፍ ወሰደው። በዝናብ ዋዜማ የተበተነውን ማዳበሪያ ጅረት ወሰደው። ወሰደው እንላለን እንጂ የት አደረሰው ብለን አንጠይቅም።

የጠየቁ ሰው አሉ። ዶክተር ናንሲ ራባላይስ ይባላሉ፤ አሜሪካዊት የባሕር ሳይንቲስት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በየበጋው ማለት ይቻላል ከባልደረቦቻቸው ጋር መርከብ ላይ እየወጡ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ ሲለኩ ኖረዋል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው ለሚያየው አሰልቺ ነው። መርከቧ ትቆማለች። መለኪያው በገመድ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ስንት ሚሊግራም ኦክስጅን እንዳለ ይመዘገባል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቦታ። ቁጥሩ ከ2 ሚሊግራም በታች ከወረደ ዓሣውና ሽሪምፑ አካባቢውን ጥሎ ይሸሻል። መሸሽ የማይችለው የወለሉ ትልና ቀንድ አውጣ እዚያው ታፍኖ ይሞታል። ይህን ቦታ «ሙት ቀጠና» ይሉታል። በ2017 ሲለኩት 22,720 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሆኖ አገኙት። ልኬቱ ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ሰፍቶ ታይቶ አያውቅም ነበር።

ታዲያ ማን ገደለው? ባሕሩ መሃል ቆሞ መርዝ የደፋ ሰው የለም። ያመጣው የሚሲሲፒ ወንዝ ነው። ይህ ወንዝ ከነገባሮቹ ከአላስካና ከሃዋይ ውጪ ካለው የአሜሪካ መሬት 41 በመቶ ከሚሆነው ላይ ውሃ ይሰበስባል። በቆሎ የሚያመርተው ገበሬ ከባሕሩ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ባሕሩን በዓይኑ አይቶት ላያውቅ ይችላል። አጥማጁም ገበሬውን አያውቀውም። የሚያገናኛቸው ወንዙ ብቻ ነው። አንዱ «ውሃ ወሰደው» ሲል፣ ሌላው መረቡን ባዶ ይጎትታል።

የነገሩ አካሄድ እንዲህ ነው። ማዳበሪያው፣ ፍጉና ፍሳሹ ውስጥ ያሉት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ መርዝ አይደሉም፤ ምግብ ናቸው። የሚያታልለንም ይኸው ነው። ማሳ ላይ ሰብል ያሳድጋሉ። ውሃ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ዋቅላሚን ያሳድጋሉ፤ ብዙዎቻችን አልጌ የምንለውን ማለት ነው። ዋቅላሚም በራሱ ጠላታችን አይደለም። ያለ እሱ ባሕር ውስጥ ዓሣ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። መከራው የሚመጣው ከልክ በላይ ሲቀለብ ነው። በጥቂት ቀን ውሃውን ይሸፍነዋል። ከዚያ ይሞትና ወደ ታች ይሰምጣል። የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች የወለሉን ኦክስጅን ይጨርሱታል። በበጋ ደግሞ ሞቃቱና ጨው የቀነሰው የወንዝ ውሃ ከላይ እንደ ክዳን ይተኛል፤ አዲስ አየር ወደ ታች አይወርድም። ከላይ የምናየው ልምላሜ ነው። ከታች ያለው ግን መቃብር ነው። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ የምንለው እኮ እኛኑ ነው!

አንዳንዱ ዝርያ ደግሞ መርዝም አለው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡኝ፤ የሚገድለው አለማወቅ ነውና።

በ2014 ነሐሴ ላይ በአሜሪካ የቶሊዶ ከተማ ነዋሪዎች አንድ ቀን ጠዋት ሲነሱ የቧንቧ ውሃ እንዳትጠጡ ተባሉ። ከ400,000 በላይ ሰው ነው። ከተማው ውሃ የሚቀዳበት የኢሪ ሐይቅ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ በሚባለው በሳያኖባክቴሪያ ተወርሮ፣ ማይክሮሲስቲን የተባለው ጉበት የሚጎዳ መርዝ በማጣሪያው አልፎ ነበር። ማስጠንቀቂያው አንድ ተጨማሪ ነገር ነበረው፤ ውሃውን አታፍሉት የሚል። ለምን? ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ይህን መርዝ አያጠፋውም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው መርዝ ይወፍራል። እኛ ግን «አፍልቼ ጠጥቼዋለሁ፣ ምን ይነካኛል» ብለን ልባችንን እናሳርፋለን። ከዚያ በፊት በ1996 በብራዚል ካሩአሩ ከተማ የኩላሊት እጥበት የሚደረግላቸው ሕሙማን ይኸው መርዝ ያለበት ውሃ በደማቸው ገብቶ ከ50 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ሊድኑ ነበር የመጡት! በ1987 ደግሞ በካናዳ ከዋቅላሚ በመጣ መርዝ የተመረዘ የባሕር ዛጎል የበሉ ከ100 በላይ ሰዎች ታመሙ። የሞቱ አሉ፤ ከተረፉትም ትዝታቸው የጠፋባቸው አሉ። ያንን መርዝም ምድጃ አያሸንፈውም።

እውነት ለመናገር፣ የውሃ ቀለም በተለወጠ ቁጥር ጥፋቱ የእኛ ነው ማለት አይቻልም። የፍሎሪዳው ቀይ ማዕበል፣ ማለትም ውሃውን የሚያቀላው የዋቅላሚ ወረራ፣ ለምሳሌ ከዳርቻ ርቆ በተፈጥሮ ይጀምራል፤ ፋብሪካና ማዳበሪያ ከመምጣቱ በፊትም ነበር። ወደ ዳር ሲጠጋ ግን ከእኛ የሚወርደው ምግብ ሊያቆየውና ሊያደልበው ይችላል። ይህን የምናገረው ለማምለጫ እንድትይዙት አይደለም። ሐሰት ጨምሬ ብቆጣችሁ እውነቱንም ስለማትሰሙኝ ነው።

ምክንያት መፈለግ ድሮም ልማዳችን ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንደሚባለው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ መጀመሪያ ሐይቆች ሲቆሽሹ «ጥፋቱ የካርቦን ነው» የሚሉ ነበሩ፤ ሳሙናቸው ፎስፎረስ ነበረበትና የሳሙና አምራቾችም ክርክሩን ወደውት ነበር። በ1973 የሐይቅ ሳይንቲስቱ ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቻቸው ካናዳ ውስጥ ወገቡ ጠበብ ያለ አንድ ትንሽ ሐይቅ መረጡ፤ 226 በሚል ቁጥር የሚታወቅ ነው። ወገቡ ላይ መጋረጃ ዘረጉበት። በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ። በሌላው ወገን ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ። ፎስፎረስ የገባበት ወገን አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላው ጥርት ብሎ ቀረ። ከአውሮፕላን የተነሳው ፎቶ እስከ ዛሬ አለ። ከመቶ ክርክር ይልቅ ያ አንድ መጋረጃ የሰውን ዓይን ገለጠ። ብዙ ቦታ ፎስፌት፣ ማለትም ፎስፎረስ ያለበት ውህድ፣ ከሳሙና እንዲወጣ የሚያዝ ሕግ መጣ።

እዚህ ጋ አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። የኢሪ ሐይቅ ያኔ ድኖ ነበር። አሜሪካና ካናዳ በ1972 ስምምነት ፈርመው፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ሠርተው፣ ሳሙናውን ቀይረው ውሃው ጠርቶ ነበር። ከዚያ ተዘናጉ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ከማሳ በሟሟ መልኩ የሚወርደው ፎስፎረስ እየጨመረ ሄደ፤ አረንጓዴውም ተመለሰ። የቶሊዶው ጠዋት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንዴ ያዳኑትን እንደገና ማሳመም ይሏችኋል ይህ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ገበሬ ወንድሞቼ፣ ማዳበሪያ ይቅር እያልኳችሁ አይደለም። ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚበላው በፋብሪካ በሚሠራ ናይትሮጅን ነው፤ ይህን የሚክድ ረሃብን አያውቅም። የምቆጣው ለሰብሉ ከሚያስፈልገው በላይ ስትበትኑ ነው። እስከ ወንዙ ጫፍ ድረስ ስታርሱ ነው። ወንዝ ዳር የነበረው ሣርና ቁጥቋጦ እኮ ዝም ብሎ የቆመ አልነበረም፤ አፈሩንና ማዳበሪያውን ይዞ የሚያስቀር አጥር ነበር። ረግረጉም እንዲሁ። ናይትሮጅኑን ወደ አየር የሚመልሱት በረግረግ ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አድርቀን አረስነው፤ ከዚያ ውሃው ለምን ቆሸሸ እንላለን።

የከተማ ሰዎች፣ እናንተ ደግሞ ጣታችሁን ወደ ገበሬው አትቀስሩ። ያልተጣራ የመጸዳጃ ፍሳሽ በናይትሮጅንና በፎስፎረስ የተሞላ ነው። ማታ ማታ ጉድጓዱን ወደ ቦይ የሚለቅ ሰው ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሽታው ይመሰክራል። ግን ማንም አይናገረውም፤ ነገ የራሱም ጉድጓድ ይሞላላ!

ሥልጣን ላይ ያላችሁ፣ ከሁሉም የከፋው የእናንተ ነው። የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ ሙት ቀጠና ከ5,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በታች እናወርዳለን ብለው በ2001 ዕቅድ ያወጡ ሹማምንት ቀነ ገደቡን 2015 አሉት። ሳይሳካ ሲቀር 2035 አሉት። ሃያ ዓመት በአንድ የብዕር ጭረት! ሳይንቲስቶቹ ግን መለካታቸውን አላቆሙም። ቁጥሩን ሰምቶ ቀን መግፋት ካለመስማት ይብሳል። ማጣሪያ ጣቢያ ስትመርቁ ሪባን ትቆርጣላችሁ። ከዓመት በኋላ ፓምፑ መሥራቱን የሚያይ ግን የለም።

የማይቻል ነገር እየጠየቅኩ አይደለም። በ1990ዎቹ የሶቪየት ኅብረት ሥርዓት ሲፈርስ በጥቁር ባሕር ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ማዳበሪያ መግዛት አቃታቸው። መከራ ነበር፤ ማንም እንዲደገም አይመኘውም። ነገር ግን በሰሜን ምዕራቡ ዳርቻ የነበረው ሰፊ ሙት ቀጠና በጥቂት ዓመት ውስጥ ጠበበ። በፍሎሪዳ ታምፓ ደግሞ ማንም ሳይራብ፣ የከተማው ፍሳሽ በደንብ እየተጣራ ሲለቀቅ፣ ጠፍቶ የነበረው የባሕር ሣር ተመልሶ ወለሉን አለበሰው። ውሃ ይቅር ባይ ነው። ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ጭቃ ውስጥ የተከማቸው ፎስፎረስ ማፍሰስ ካቆምንም በኋላ ለዓመታት እየተነሳ ይመግበዋልና። ዛሬ ያዘገየነው ለዚህ ነው የልጆቻችን ዕዳ የሚሆነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሩ። አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ውሃ ካያችሁ ልጆችንም ከብቶችንም አርቁ። ውሻ ካላችሁ እሱንም፤ ከውሃው ወጥቶ ፀጉሩን ሲልስ ነው የሚመረዘው። የልብስ ሳሙና ስትገዙ ፎስፌት የሌለበትን ጠይቁ። ጉድጓዳችሁ ሳይሞላ አስመጥጡት፤ መጣጩ መኪና የት እንደሚደፋውም ጠይቁ። ማሳ ያላችሁ ደግሞ ማታ ወጣ ብላችሁ ሰማዩን እዩ። ደመናው ከከበደ፣ ነገ ዶፍ የሚወርድ ከሆነ፣ የማዳበሪያውን ከረጢት አትፍቱት። ዝናቡ እስኪያልፍ ጎተራው ውስጥ ይደር።