ኦሞው ኦሞ

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ "ኦሞ ገዝተህ ና" ብላ ላከችኝ። ሰፈራችን ሱቅ ሄድኩ።

"ኦሞ አለ?"

"የቱን ኦሞ?"

"እንዴት የቱን? ኦሞውን ነዋ!"

"አሪየል ኦሞ አለ። በኪሎ የሚቸረቸረው ኦሞም አለ። ኦሞው ኦሞ ግን አልቋል።"

"ስለዚህ ኦሞ የለም?"

"ኧረ ኦሞማ ሞልቷል፣ ጋሼ!"

ከኋላዬ ተራዋን የምትጠብቀው ልጅ ፈገግ እንኳን አላለችም። ግራ የተጋባሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ ጋ ደውዬ "ኦሞ የለም፣ አሪየል ላምጣ?" ስላት "እሱስ ኦሞ አይደል እንዴ? ቶሎ በል፣ ውሃዋ ሳትሄድ!" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

እኛ ስም ስናወጣ ማንንም አናስፈቅድም። ቀድሞ የገባው ዕቃ ስሙን ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ያወርሳል። ባጃጅ የህንድ ኩባንያ ስም ነው፤ ለእኛ ግን ሦስት ጎማ ኖሮት በመኪና መሀል ከተሽሎከለከ፣ ግንባሩ ላይ በትልቁ "ቲቪኤስ" ተብሎ ቢጻፍበትም ያው ባጃጅ ነው።

እንደ ሃይላንድ የተሳካለት ግን የለም። የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር። ዛሬ የፈለግከውን ውሃ ግዛ፣ ጠጥተህ ስትጨርስ እጅህ ላይ የሚቀረው ሃይላንድ ነው። ("የላስቲክ ጠርሙስ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዜና አንባቢ መሆን አለበት።) በላሊበላ መንገድ ልጆች ቱሪስት ሲያዩ "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" እያሉ የሚሮጡት ባዶውን ፈልገው ነው። ቱሪስቱ እንግሊዝኛ መቻሉ ጎዳው እንጂ ይገባው ነበር፤ ደጋውን የሚያሳዩት እየመሰለው ተራራ ተራራውን ፎቶ ያነሳል።

ይባስ ብሎ መስፈሪያም ሆኗል። "ግማሽ ሃይላንድ ዘይት" ሲባል ሻጭም ገዢም አይጣሉም።

እኛ ቤት ቡፌው ላይ ሁለት ሃይላንድ ተቀምጧል። ባለ ሰማያዊ ክዳኑ የእንጦጦ ማርያም ጸበል ነው፣ ባለ ነጩ ደግሞ ከደብረ ብርሃን የመጣ አረቄ። ሁለቱም ኩልል ያሉ ናቸው። እናቴ "እስቲ ያን ሃይላንድ አቀብለኝ" ስትል ሰዓቱንና እንግዳውን አይቼ የቱን እንደሆነ አውቃለሁ። አጎቴ ግን ይኸው ስንት ጊዜው፣ በጠዋት በባዶ ሆዱ ጸበል ሊጠጣ ይነሳና አንድም ቀን ክዳኑን ለይቶ አያውቅም።