ኩኛዶ የሌለበት ቤት የለም

ሰፈራችን ስፓኒሽ ገብቷል። ግማሹ በላሊጋ ግማሹ በአማርኛ በተተረጎመ የሜክሲኮ ድራማ ሰበብ ነው፣ ብቻ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያለ ልጅ ስልኩን ይዞ ማድሬ ፓድሬ ማለት ጀምሯል። የቋንቋ መማሪያው አፕ መጀመሪያ የሚያስተምርህ ቤተሰብ ነው፣ እዛ ቤት ያሉት ደሞ አባት እናት ወንድም እህት እና ውሻ፣ በቃ። ከዛ «ሚ ፋሚሊያ ኤስ ፔኬኛ» በል ይልሃል፣ ቤተሰቤ ትንሽ ነው ማለት ነው። እስቲ ይሄን ወሎ ላይ በል! አያትህ ሼህ፣ ያጎትህ ሚስት አባት ቄስ፣ ለሰርግ የእስላሙም የክርስቲያኑም ድግስ ለየብቻ ተሰርቶ ሁለቱም ዳስ ጢም ብሎ፣ ያባትህ ያክስት ልጅ ከባቲ ድረስ መጥታ «ጠሪ እንኳን ሳይላክብኝ!» ብላ አኩርፋ፣ አንተ ፔኬኛ።

ለነገሩ ቋንቋው ራሱ ዘመድ ቆጠራ ላይ ሰነፍ አይደለም። አማት ስዌግራ፣ ምራት ኑዌራ፣ የልጅ ባል ዬርኖ፣ ያጎትም ያክስትም ልጅ ፕሪሞ ነው፣ የክርስትና ልጅህ አባት እንኳን ኮምፓድሬ ይባላል፣ ቁርጥ የኛ አበልጅ። ስም ላይ ደሞ ስፔኖች ያባትንም የናትንም ነው የሚይዙት፣ ሰርጂዮ ራሞስ ሙሉ ስሙ ሰርጂዮ ራሞስ ጋርሲያ ነው፣ ራሞስ ካባቱ ጋርሲያ ከናቱ። ሴቷም አግብታ ስሟን አትቀይርም። ይሄን ለእማዬ ስነግራት «ድሮስ ምን ሆና ትቀይራለች?» አለችኝ፣ እዚህ ድረስ ከስፔን ጋር ሰላም ነበረች። የተጣሉት ብዙ ቁጥር ላይ ነው። ስድስት እህቶች ባሉበት አንድ ወንድ ከተቀላቀለ ሁሉም ኤርማኖስ ይሆናሉ፣ ወንድሞች እንደማለት፣ እናትና አባት ባንድ ላይ ሲጠሩ ደሞ ፓድሬስ፣ አባቶች። «ዘጠኝ ወር ተሸክሜ፣ አምጬ ወልጄ፣ አባቶች?» ብላ ቶናው እስኪወርድ አልበረደላትም።

ሁሉን የሚያስንቀው ግን ኩኛዶ ነው። የእህት ባል፣ የሚስት ወንድም ኩኛዶ ነው (ኛ ፈረንጁን ታንተፋትፈው ይሆናል፣ እኛን ግን ከፊደል ገበታ ጀምሮ ታውቀናለች)። ስፔን ውስጥ ቃሉ ሌላ ስራም አለው፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ማለት ነው፣ የገና ማዕድ ላይ ተሰይሞ «ተበላህ፣ እኔ በግማሽ ዋጋ አስገዛህ ነበር» የሚለው ሰውዬ። ፀባዩን ኩኛዲስሞ ይሉታል፣ ፖለቲከኞችን ሳይቀር ይሰድቡበታል።

ወገን ይሄ ሰው እኮ ማድሪድ አይደለም ያለው፣ እዚሁ ደሴ ሆጤ ነው ያለው! ቤትህን ቆርቆሮ ስታለብስ «ኮምቦልቻ እኮ በርካሽ ነበር፣ ምነው ሳታማክረኝ» ይላል፣ መኪና ሳይኖረው የሐረጎን ቁልቁለት በስንተኛ ማርሽ እንደሚወረድ ያስረዳሃል፣ ልጅህን ካሳለው ሀኪሙ አያውቅም፣ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ሟች እንዴት ይድኑ እንደነበር ለሀዘንተኛው ይተነትናል፣ ድንኳን ሲነቀል ግን ስልክ ይደወልለታል፣ ሁሌ። የወሎው የሚለየው ባፉ ነው። «አብሽር የኔ ጌታ፣ የኔ አለም» እያለ እያባበለ ነው ሞኝ ነህ የሚልህ፣ መሰደብህ የሚገባህ ቤትህ ገብተህ ጫማህን ስታወልቅ ነው።

እኛ ቤት ቃሉ የምስጢር ሆኗል፣ የበሩ ድምፅ ከተሰማ እህቶቼ «ኩኛዶ» ይባባላሉ፣ እማዬም ስኒ ትጨምራለች። ባለፈው አማቻችን ራሱ ሰማና ምንድነው እሱ አለ፣ አማች ማለት ነው አልነው፣ ውሸትም አይደለም። ስኒውን አስቀመጠ፣ ትንሽ አሰበና «አይ፣ አነባበቡን ተሳስታችኋል፣ ኩናዶ ነው የሚባለው፣ ድሮ ከጣልያኖች ጋር የሰራ ሰው ነግሮኛል። አብሽሩ፣ እኔ አስተምራችኋለሁ።»