ዳቦውን አነሳን፣ ልጁን ተውነው

ወገኖቼ፣ የባሕር ዳር ሰዎች፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው። ከተማችን ውብ ናት፣ ሕዝቡ ደግ ነው እየተባባልን ኖረናል። እኔ ግን አንድ ጠዋት ከልቤ አልወጣ ብሎኛል። ጥቂት ዓመታት አልፈውታል፣ ብዙዎቻችሁም ረስታችሁታል። ስለረሳችሁት ነው የምነግራችሁ።

ልጁ ዳቦ አመላላሽ ነበር። ዕድሜው 19 ነው። ቀን ለሰፈራችን ዳቦ ቤት ይሠራል፣ ማታ 11ኛ ክፍል ይማራል። ከሳይክሉ ኋላ የፕላስቲክ ሣጥን በጎማ ላስቲክ ጠፍሮ ያስርና፣ ገና ሳይነጋ ትኩሱን ዳቦ ለየሱቁ ያደርሳል። ሱቁ ካልተከፈተ በሩን አንኳኩቶ ባለቤቱን ይቀሰቅሳል። ብዙዎቻችን ቁርሳችንን የበላነው በእሱ እግር ነው።

ያን ቀን ንጋት 12 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው፣ ዘንባባ በተተከለበት ጎዳና ላይ ቀኝ ጠርዙን ይዞ ይሄድ ነበር። ከኋላ ሚኒባስ እየበረረ መጣ። ከሚኒባሱ ፊት አንድ ባጃጅ ወደ ግራ ሊታጠፍ ቀስ ብሏል። ሚኒባሱ ፍሬን አልያዘም። ባጃጁን በቀኝ በኩል ሾልኮ ሊያልፍ ገባ። በቀኝ በኩል ልጁ ነበር።

መኪናው ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ። ረዳቱ ወረደ። ወደ ኋላ አየ። ተመልሶ ገባና በሩን ዘጋው። ሄዱ።

እኔ የደረስኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ቆመው ያዩ ሰዎች ናቸው። ያን ጠዋት ያላየ፣ ያልተናገረ ሰው አልነበረም። አንዱ ፍጥነቱን ያወራል፣ አንዱ የመኪናውን ቀለም፣ አንዱ የታርጋውን መጨረሻ ቁጥሮች።

ዳቦው አስፋልቱ ላይ ተበትኖ ነበር። ሰዉ ጎንበስ ጎንበስ እያለ አንድ በአንድ አነሳው። አንዳንዱ ሳም እያደረገ ከግንብ አጥሩ ላይ ደረደረው። እህል ነውና አይረገጥም። አንዲት እናት ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ልጁን አለበሱት። ያኔ አለቀስኩ፤ እንዲህ ያለ ሕዝብ መሀል መኖሬም አኮራኝ። እንዲህ ያለ ሕዝብ ይህን ልጅ ይጥለዋል ብዬ አላሰብኩም።

ትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ ፕላን አነሳ፣ የምስክሮችን ስም መዘገበ። ሾፌሩ በሦስተኛው ቀን እጁን ሰጠ። ቃሉ አጭር ነበር፤ «ሳይክሉ ገባብኝ።» በዋስ ወጣ። ከዚያ ቀጠሮው ተጀመረ።

እናቱ አንድም ቀጠሮ አልቀሩም። ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ ሴት ናቸው። በቀጠሮው ቀን መደቡን ለጎረቤት አደራ ብለው ይሄዳሉ። ምስክሮቹስ? አንዱ «ሱቄን ለማን ትቼ?» አለ። ሌላው መጥሪያው አልደረሰኝም አለ። የታርጋውን ቁጥር እንደ ውዳሴ ማርያም ሲደግመው የነበረው ሰው ደግሞ «ጨለማ ነበር፣ በደንብ አላየሁም» አለ። የባጃጁ ሾፌር ጭራሽ ጠፋ። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደረበ፣ በመጨረሻ መዝገቡ ተዘጋ። ሾፌሩ ዛሬም በዚያው ጎዳና ሰው ይጭናል።

እህል እንዳይረገጥ የሚጠነቀቅ ሕዝብ ምነው ለሰው ልጅ ደም አንድ ቀን ሱቁን መዝጋት ከበደው?

በመሀል ደግሞ ሽማግሌዎች ተላኩ። እናት ቤት ተቀመጡ፣ የታሰረ ገንዘብ አወጡ። «ሾፌሩም የልጆች አባት ነው። እሱ ቢታሰር ሟች አይመለስም። ቀኑ ደርሶ ነው፣ ይቅር በይ» አሏቸው። እናት የመለሱትን ከዚያ ከነበረች ጎረቤት ሰምቻለሁ። «አባቶቼ፣ ልጄን መልሱልኝ አላልኩም። ልጄ እንዴት እንደሞተ ያየ ሰው ይናገርልኝ ነው ያልኩት።» ገንዘቡን አልተቀበሉም።

ሽምግልናን አልንቅም። ስንቱን ደም አድርቋል። ግን በአገራችን ወግ እርቅ የሚወርደው ገዳዩ «አዎ፣ እኔ ነኝ፣ አጥፍቻለሁ» ሲል ነው። ጥፋቱን ካልታመነ ሰው ጋር የሚደረግ እርቅ ምን ይባላል? ሀዘንተኛን አፍ ማስያዝ ነው እንጂ። «ቀኑ ደርሶ ነው» የምትሉም ተዉ። ቀኑን ያደረሰው እግዜር አይደለም። ፍሬን መያዝ የነበረበት እግር ነው።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ብለዋል። ለጭብጦ የሚሟገት ሰው ነበር ማለት ነው። በመንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ከተባለ ሯጭም ይቆም ነበር። ጥፋተኛው ያልታወቀ እንደሆነ አፈርሳታ ይቀመጥ ነበር፤ ያገሩ ሰው በሙሉ ተሰብስቦ፣ ያየውንና የሰማውን ሳያወጣ ወደ ሥራው አይመለስም። ሰውን ማንገላታቱ አይካድም። ይመለስ አላልኩም። ግን ያየ ሰው ዕዳ አለበት የሚለውን ነገር ከየት ጣልነው?

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ሾፌርን ከሐኪም ጎን ጠርቶ፣ የሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ብሎ ቆጥሮታል። እንዲህ ያለ ሰው በቸልተኝነት ከገደለ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት አለው። ደንቡን ሆን ብሎ ጥሶ ከሆነ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት። ሕጉ ተጽፏል። የጎደለው ፍርድ ቤት ቆሞ «አይቻለሁ» የሚል ሰው ነው።

እርግጥ ሕግ አውጪዎችም ከወቀሳ አያመልጡም። በ2005 የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ለሞተ ሰው የሚከፈለውን ከ40 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲገድብ፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100 ሺህ ፈቅዶ ነበር። ሚኒባሱ ሌላ መኪና ገጭቶ ቢሆን ኖሮ ከልጁ ነፍስ የበለጠ ያስከፍል ነበር። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ።

«ሳይክል ነጂዎቹም እኮ ያጠፋሉ፣ መብራት የላቸውም፣ መሀል ይገባሉ» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ የሚያጠፋ አለ። ያ ልጅ ግን ጠርዙን ይዞ ነበር። ቢያጠፋስ ኖሮ የጥፋቱ ቅጣት ሞት ነው? ሳይክል ነጂ ሲሳሳት የሚሸፍነው ቆርቆሮ የለውም። ሐዋሳም ብትሄዱ ወሬው ይኸው ነው። አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መንገድ ተሠራ፣ ጥሩ ነው፣ የኛም ይሠራ። ግን ቀለም የተቀባ መስመር ምስክር አይሆንም።

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ተማሪው፣ ነርሷ፣ ግንበኛው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው በሳይክል የሚሄድባት ከተማ ናት። ነገ ጠዋት ከነዚህ አንዱ ሲወድቅ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። መጀመሪያ ልጁን አንሱ። ከዚያ ታርጋውን ጻፉ፣ ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። መጥሪያ ሲመጣ ሂዱ። አሠሪዎች፣ ምስክርነት ለሄደ ሠራተኛ ደመወዝ አትቁረጡ። ሽማግሌዎች፣ ገንዘብ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ገዳዩን «አምነሃል ወይ?» በሉት።

ትሰሙኛላችሁ ብዬ እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚህ በፊትም ብዙ ተብሏል። ግን አንድ ነገር ተስፋ እንዳልቆርጥ አድርጎኛል። መዝገቡ የተዘጋው «ምስክር በተገኘ ጊዜ እንዲንቀሳቀስ» ተብሎ ነው። እናትየው ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው ይዘውታል። እንግዲህ አንተ የባጃጁ ሾፌር፣ ከሁሉም ቅርብ የነበርከው አንተ ነህ። ማንም አይፈርድብህም፣ እስካሁን የት ነበርክ የሚልህም የለም። ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄደህ ስምህንና ያየኸውን ተናገር። ብቻዬን እፈራለሁ ካልክ እኔ አብሬህ እሄዳለሁ።