ተርኪ የሌለበት የምስጋና ቀን

ኅዳር ሲጋመስ በአሜሪካ በሚኖሩ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ቤት የታወቀ ክርክር ይነሣል። ልጆች መዳፋቸውን ወረቀት ላይ ዘርግተው፣ ዙሪያውን በእርሳስ አስምረው ያዘጋጁትን የተርኪ ሥዕል ከትምህርት ቤት ይዘው ይመጣሉ፤ እናት የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ ታያለች፤ አባት «ለአንድ ቀን ምን አለበት?» ይላል፤ አያት ካሉ ደግሞ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ታንክስጊቪንግ፣ ማለትም ተርኪ የተባለው ትልቅ ወፍ ተጠብሶ የሚበላበት የአሜሪካ የምስጋና ቀን፣ የሚውለው በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ በመሆኑ ከ22 እስከ 28 ካሉት ሰባት ቀናት በአንዱ ላይ ያርፋል፤ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኖቬምበር 24 ገደማ ይገባል። ስለዚህ ከሰባቱ ቀናት አምስቱ በጾም ውስጥ ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 እንዲያውም በዓሉና የጾሙ መግቢያ ኅዳር 15 ላይ ተገናኝተዋል።

በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ የሚጾም ሰው በዓሉን በሚገባ ሊያከብር አይችልም የሚለው ነው። የበዓሉን ታሪክ ጠጋ ብሎ ላየው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል።

ሁሉም የሚያውቀው ታሪክ የ1621ዱ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሜይፍላወር በተባለችው መርከብ ከእንግሊዝ ከመጡት 102 መንገደኞች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው ክረምት አልቀው፣ የተረፉት ዛሬ ማሳቹሴትስ በሚባለው ግዛት ባለችው በፕሊመዝ የመጀመሪያውን በቆሎ ሰበሰቡ። ከሰፋሪዎቹ አንዱ ኤድዋርድ ዊንስሎው በዚያው ዓመት በጻፈው ደብዳቤ እንደሚነግረን፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የዋምፓኖአግ መሪ ማሳሶይት ዘጠና ያህል ሰዎቹን አስከትሎ መጣ፤ ለሦስት ቀናት አብረው በሉ፤ እንግዶቹም አምስት አጋዘን አድነው አመጡ። ደብዳቤው ወፎች መታደናቸውን ቢጠቅስም ተርኪን በስም አያነሣም፤ «የምስጋና ቀን» የሚል ቃልም የለበትም። በጊዜው አካባቢው ድንች አያውቅም ነበር፤ ለፓምኪን ፓይ የሚሆን ቅቤና የስንዴ ዱቄትም አልነበራቸውም። ዛሬ «ያለ እነዚህ በዓል የለም» የምንባልባቸው ምግቦች አብዛኞቹ ኋላ የመጡ ናቸው።

ሰፋሪዎቹ ራሳቸው የምስጋና ቀን የሚሉት ከመከር ግብዣ የተለየ፣ በጸሎት የሚውል ቀን ነበር። ይህም ቀን አቻ ነበረው፤ እርሱም የጾምና የንስሐ ቀን ነው። ድርቅ፣ ወረርሽኝ ወይም ጦርነት ሲመጣ ጾም ይታወጃል፤ መከራው ሲያልፍ ምስጋና ይከተላል። በ1623 የበጋው ድርቅ በቆሏቸውን ባጠወለገው ጊዜ የፕሊመዝ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ጾመው ጸለዩ፣ ዝናብ ጣለ፣ ከዚያ የምስጋና ቀን አወጁ። ምሕላ ይዞ ያደገ ሰው ይህን ሥርዓት ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በኒው ኢንግላንድ ግዛቶች በየጸደዩ የጾም ቀን፣ በየመከሩ የምስጋና ቀን ማወጅ ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ማሳቹሴትስ የጾም ቀኑን የሰረዘችው በ1894 ሲሆን፣ ኒው ሃምፕሸር ትርጉሙ ከደበዘዘ ከረጅም ጊዜ በኋላም ስሙን እስከ 1991 ድረስ ጠብቃው ነበር።

በዓሉን በየዓመቱ የሚከበር ብሔራዊ በዓል ያደረገው አብርሃም ሊንከንም ቢሆን ሁለቱን አልነጠላቸውም። የመጽሔት አዘጋጇ ሣራ ጆሴፋ ሄል ለዓመታት ስትወተውት ከቆየች በኋላ፣ ኦክቶበር 1863 ላይ፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በተፋፋመበት ጊዜ፣ የኖቬምበር መጨረሻው ሐሙስ የምስጋና ቀን እንዲሆን አወጀ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 30 ግን አገሪቱ እንድትጾምና እንድትጸልይ አዝዞ ነበር። ከሁለቱ አዋጆች የምናስታውሰው አንዱን ብቻ ነው፤ ጾም ለገበያ አይመችም። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1939 በዓሉን በአንድ ሳምንት ያስቀደመው ለገና ሸመታ የሚተርፈው ጊዜ እንዲረዝም ነጋዴዎች ስለጎተጎቱት ነበር፤ በተፈጠረው ግርግር ምክንያት አሁን ያለውን አራተኛውን ሐሙስ ኮንግረስ በ1941 በሕግ ወሰነ።

ማዕዱን በተመለከተ ደግሞ የዋምፓኖአግ ገበሬዎችን ማሳ ማየት ይበቃል። በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ በአንድ ጉብታ ላይ አብረው ይዘሩ ነበር፤ የበቆሎው አገዳ ለቦሎቄው መደገፊያ ይሆናል፣ ቦሎቄው አፈሩን ያዳብራል፣ የዱባው ቅጠል መሬቱን ሸፍኖ እርጥበት ይይዛል። በሲዳማ ወይም በወላይታ በቆሎና ቦሎቄ አሰባጥሮ የሚዘራ ገበሬ ይህን ቢያይ አይገረምም። ሦስቱም የጾም ምግቦች ናቸው። በቆሎም፣ ቦሎቄም፣ ወጣችንን የምናቀላበት በርበሬም ቢሆኑ መጀመሪያ የተገኙት በአሜሪካ አህጉር ነው። እንግዲህ የዱባ ወጥ፣ የተጠበሰ በቆሎና በዘይት የተሠራ ቦሎቄ የቀረበበት ገበታ ከዚያ የመከር ማሳ ጋር ያለው ዝምድና ከሱፐርማርኬት ከተገዛው የቀዘቀዘ ተርኪ የበለጠ ነው። ተርኪውን በበርበሬና በሚጥሚጣ አሽተው የሚጠብሱ ወዳጆቼ እንደማይስማሙ አውቃለሁ፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት በዓሉ በዋለባቸው ዓመታት እኔም ከገበታቸው አልቀርም።

ለልጆቻችን የምንነግረው ታሪክ ግን በግብዣው ላይ ሊቆም አይገባም። ፕሊመዝ የተቆረቆረችው ፓቱክሴት በተባለው የዋምፓኖአግ መንደር ላይ ነው፤ መንደሩ ባዶ የሆነው ሰፋሪዎቹ ከመድረሳቸው በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት ከአውሮፓውያን መርከቦች ጋር የመጣ በሽታ ነዋሪዎቹን ስለጨረሰ ነው። ለሰፋሪዎቹ የበቆሎ አዘራር ያስተማራቸው ቲስኳንተም ከዚያው መንደር ተጠልፎ በስፔን ለባርነት የተሸጠ ሰው ነበር፤ በእንግሊዝ በኩል ዞሮ አገሩ ሲገባ የጠበቀው ሰው አልነበረም። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠለ በ1918 የኅዳር በሽታ የረገፉትን የሚያስብ ሕዝብ የፓቱክሴትን ታሪክ እንደ ሩቅ ነገር ሊሰማው አይችልም። ከግብዣው ሃምሳ አምስት ዓመት በኋላ ደግሞ የማሳሶይት ልጅ ሜታኮም ከሰፋሪዎቹ ጋር ባደረገው ጦርነት ተገደለ፤ የተቆረጠው ጭንቅላቱም በፕሊመዝ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ለዓመታት ቆየ።

በ1970 የሰፋሪዎቹ መምጣት 350ኛ ዓመት ሲከበር ዋምሱታ ፍራንክ ጄምስ የተባለ የዋምፓኖአግ ሰው ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ። ይህን ሁሉ የያዘውን ጽሑፉን አዘጋጆቹ ሲያዩት አልተቀበሉትም። እርሱም በበዓሉ ቀን የማሳሶይት ሐውልት ወዳለበት ኮልስ ሂል ወጥቶ ከደጋፊዎቹ ጋር ቀኑን የሐዘን ቀን አደረገው። ስብሰባው ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በታንክስጊቪንግ ዕለት እኩለ ቀን ላይ በዚያው ኮረብታ ይካሄዳል፤ ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ ከዋዜማው ጀንበር መጥለቅ ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ ይውላሉ፤ ሥነ ሥርዓቱ ካበቃ በኋላ ያፈጥራሉ።